ከጡት ካንሰር ሕክምና በኋላ ላበጠ እጅ የሌዘር ሕክምና፦ ገንዘብ ልክፈልበት?

መምህርት ዘአዳማ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና፣ ኬሞ እና የጨረር ሕክምና ወስጃለሁ። በቀዶ ሕክምናው ከብብቴ ንፍፊቶች ወጥተዋል። ሁሉም ካለቀ ከወራት በኋላ ቀኝ እጄ መክበድ ጀመረ። አሁን የሸሚዝ እጅጌ አልገባ ብሏል፣ ቀለበቴንም አውልቄ አስቀምጫለሁ። ሰሌዳ ላይ ስጽፍ በዋልሁበት ቀን ማታ ይብስበታል። በጣት ስጫነው ጎድጉዶ ይቀራል።

ሐኪሜ መርምሮ ሊምፌዴማ ነው (ሊምፍ የሚባለው የሰውነት ፈሳሽ መሄጃ አጥቶ ሲጠራቀም የሚመጣ እብጠት)፣ በፋሻ እየጠቀለሉ የሚያወርዱበት ፊዚዮቴራፒ ያስፈልግሻል ብሎ ወረቀት ጻፈልኝ። ወረቀቱን ይዤ የሄድሁበት የግል ክሊኒክ ግን «የብርሃን ሕክምና አለን፤ ፋሻ ብሎ ነገር አያስፈልግሽም፤ በአንድ ወር ይወርዳል» አለኝ። ክፍያው በሙሉ በቅድሚያ ነው። የመምህር ደመወዝ ታውቃላችሁ። ይህ ብርሃን የሚሉት ነገር እውነት ይሠራል? ካንሰሩንስ አይቀሰቅስብኝም? የሞከራችሁ ወይም በሙያው ያላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ፊዚዮቴራፒስቱ (ሐዋሳ)፦
መምህርት፣ እግዚአብሔር ይማርዎት። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎት፦ ያሳዩዎት መሣሪያ ሲበራ ይሞቃል? ቀይ ብርሃን ያለው፣ በእግር የቆመ ትልቅ አምፖል ነው? ከሆነ ሌዘር ሳይሆን የኢንፍራሬድ ማሞቂያ ነው። በየፊዚዮቴራፒ ክፍሉ ለወገብና ለአንገት ሕመም የምንጠቀምበት የቆየ ዕቃ ነው። ላበጠ እጅ ግን አይመከርም። ሙቀት የደም ሥሮችን ይከፍታል፣ ወደ ሥጋው የሚሰርገው ፈሳሽ ይበዛል፤ ፈሳሹን መልሶ የሚወስደው መንገድ ደግሞ ብብት ላይ ተቆርጧል። በዚያ ላይ ቀዶ ሕክምናው ብብትንና የላይኛውን ክንድ ስለሚያደነዝዝ፣ ቆዳዎ ሲቃጠል ላይሰማዎት ይችላል።

ለሊምፌዴማ የተጠናው ሌዘር በእጅ የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ ነው። ብብት ውስጥና ጠባሳው አካባቢ ነጥብ በነጥብ እያሳረፉ፣ በየነጥቡ አንድ ደቂቃ ያህል ይይዙታል። በብዛት የተጠናው 904 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት (የብርሃኑን ዓይነት የሚለየው ልክ) ያለው ነው፤ ይህ ብርሃን ለዓይን አይታይም፣ ቆዳም አይሞቅም። በሴሎች ውስጥ ኃይል የሚያመነጩት ሚቶኮንድሪያዎች ብርሃኑን እንደሚቀበሉ፣ ከዚያም ብግነት (የሥጋ መቆጣት) እንደሚቀንስ፣ የጠነከረው ጠባሳ እንደሚላላና የሊምፍ ሥሮች ፈሳሹን የመግፋት አቅማቸው እንደሚሻሻል ይታሰባል። «ይታሰባል» ያልሁት አውቄ ነው።

እኔ ሌዘርን አልቃወምም። «ፋሻ አያስፈልግሽም» የሚለውን ቃል ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። ይህን የሚል ሰው ወይ አያውቅም ወይ ገንዘብዎን ፈልጓል።

ሜሪላንድ ያለችው፦
አይዞሽ እህቴ። እኔ ሌዘሩን ወስጃለሁ። እዚህ የሊምፌዴማ ባለሙያዋ መጀመሪያ እጄን በፋሻ ጠቅልላ አወረደችው፤ ሌዘሩን የጨመረችልኝ በኋላ ነው፣ ያውም ከብብቴ እስከ ክርኔ እንደ ክር የተወጠረ ነገር ወጥቶብኝ እጄን ማንሳት አቅቶኝ ስለነበር። ሲያደርጉልሽ ምንም አይሰማሽም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለውጥ አላየሁም፣ እንዲያውም ተጭበረበርሁ ብዬ አኩርፌ ነበር። ጠባሳዬ እየለሰለሰ የመጣው ቆይቶ ነው። የክንዴ ውፍረትም ቀንሷል፤ ግን እጅን እየተጫነ እብጠቱን የሚይዘውን የላስቲክ እጅጌም፣ እንቅስቃሴውንም በአንድ ላይ ስለማደርግ የትኛው እንደሠራልኝ ለይቼ መማል አልችልም። ባገኘው እደግመዋለሁ።

መለኪያ (አዲስ አበባ)፦
እኔ የሕክምና መሣሪያ መሐንዲስ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ከላይ «ለይቼ መማል አልችልም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከብዙ ማስታወቂያ ይበልጣል። ለይቶ ለማወቅ ሲባል ነው የተደበቀ ሙከራ የሚሠራው፤ ለአንዱ ወገን የሚሠራ ሌዘር፣ ለሌላው ጨረር የማያወጣ አምሳያ ይደረግለታል፣ ማን ምን እንዳገኘ ታካሚዋም ሕክምናውን የምትሰጠውም አያውቁም።

እንዲህ ያለው ሙከራ አውስትራሊያ ውስጥ ተሠርቶ በ2003 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሁሉንም ዓመት በዚያው እጽፋለሁ) ታትሟል። የተሳተፉት 61 ሴቶች ናቸው። አንድ ዙር ሕክምና ማለት በሳምንት ሦስት ጊዜ ለሦስት ሳምንት ነው። ከአንድ ዙር በኋላ ወዲያው ሲለካ ሌዘር ባገኙትና አምሳያውን ባገኙት መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልነበረም። ሁለት ዙር የወሰዱት ግን ከወራት በኋላ ሲለኩ፣ 31 ከመቶ ያህሉ እጃቸው ከ200 ሚሊ ሊትር በላይ ቀንሷል። ያ አንድ የሻይ ብርጭቆ ፈሳሽ ነው፤ ለተሸከመችው ሴት ቀላል አይደለም። የላይኛው ክንድ ሥጋም ለስልሷል። እጅን እንደ ልብ የማንቀሳቀስ አቅም ላይ ግን ለውጥ አልታየም።

እንግዲህ ሒሳቡን ሥሩት። ከሦስት ሴቶች ለአንዷ ያህል፣ ያውም ሁለት ዙር ወስዳ፣ ያውም ወራት ጠብቃ። «በአንድ ወር ይወርዳል» የሚለው ቃል ከዚህ ውስጥ የትኛው ላይ እንደተጻፈ ክሊኒኩ ቢያሳየን ደስ ይለኛል።

ሌላም፦ ሻጮች «የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ያጸደቀው» ይላሉ። እውነት ነው፣ ያ 904 ናኖሜትር መሣሪያ በ2006 ለዚሁ ሕመም እንዲሸጥ ፈቃድ አግኝቷል። ፈቃዱ ግን የተሰጠው ለዚያ መሣሪያ ነው፤ ብርሃን ለሚያወጣ ዕቃ ሁሉ አይደለም። የመገበያያ ፈቃድ ደግሞ «ይፈውሳል» የሚል ምስክር ወረቀት አይደለም።

ሜሪላንድ ያለችው፦
ወንድሜ መለኪያ፣ ሒሳብህ ልክ ነው፤ ነገር ግን ከሦስት አንዷ መሆን ለእኛ ትንሽ አይደለም። ይህ ሕመም ቆርጦ የሚጥለው መድኃኒት የለውም። በየቀኑ እየጠቀለሉ፣ እያሹ፣ እየለኩ መኖር ነው። ለአንዷም ቢሆን የሻይ ብርጭቆ የሚያክል ሸክም የሚያወርድላት ነገር ካለ በስላቅ አትለፈው።

መለኪያ፦
ስላቁ ለክሊኒኩ ነው፣ ለአንቺ አይደለም። አቅም ያላት ከባለሙያ ጋር ተማክራ ብትወስደው እኔም አልከለክልም። የምጨነቀው ገንዘቧ ለአንድ ነገር ብቻ ለሚበቃ ሴት ነው። የእጅጌውን ገንዘብ ለመብራቱ ከከፈለች ሁለቱንም አጣች ማለት ነው። ከ2003 ወዲህ የወጡት ሙከራዎችም አብዛኞቹ በጥቂት አሥሮች በሚቆጠሩ ሴቶች ላይ የተሠሩ ናቸው፤ የሚያበረታታ ውጤት አላቸው፣ ግን ትንንሾች ናቸው፣ የብርሃኑ መጠንና የሚያርፍበት ቦታም ከአንዱ አንዱ ይለያያል።

የደብረ ማርቆስ ነርስ፦
ሁላችሁም ስለ መብራት ታወራላችሁ፣ ስለ ቆዳ የተናገረ የለም። እኔ የምሠራው በብዛት እግራቸው ካበጠ ሰዎች ጋር ነው። በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣው የእግር እብጠት፣ ፖዶኮኒዮሲስ፣ በእኛ አካባቢ የብዙ ገበሬ ሕመም ነው። መነሻው ከመምህርት ሕመም ፈጽሞ ይለያል። ነገር ግን የሊምፍ ፈሳሽ የቆመበት አካል፣ እጅም ሆነ እግር፣ ለጀርም የተመቸ ነው። በትንሽ ስንጥቅ ገብቶ ያቃጥላል፣ ያተኩሳል፣ ከዚያ በኋላ እብጠቱ ከበፊቱ ብሶ ይቀራል።

በዚሁ በምሥራቅ ጎጃም 696 ሰዎችን ያሳተፈ ሙከራ ተሠርቶ በ2018 ታትሟል። ሕክምናው በሳሙና መታጠብ፣ ቆዳን ማለስለስ፣ ፋሻ፣ እንቅስቃሴ፣ ካልሲና ጫማ ነው፤ ሌላ ነገር የለበትም። በዓመት ውስጥ የሚነሳባቸው የማቃጠልና የትኩሳት ሕመም ካልታከሙት ሲነጻጸር በአምስት አንድ ያህል ቀነሰ። ስለዚህ እህቴ፣ ሌዘር አገኘሽም አላገኘሽም፣ በየቀኑ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፣ በጣቶችሽ መካከል ሳይቀር አድርቂ፣ ሽታ የሌለው ቅባት ተቀቢ። ሽንኩርት ስትከትፊና ዕቃ ስታጥቢ ጓንት አድርጊ። እጅሽ በድንገት ቀልቶ ከሞቀ፣ ብርድ ብርድ ካለሽ፣ ነገ አትበይ፤ የዚያኑ ዕለት ጤና ተቋም ሄደሽ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ማግኘት አለብሽ።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ልናገር። ወጌሻ ጋር ሄደሽ እንዳታሺው። ወጌሻ ለወለምታ ባለሙያ ይሆናል፣ ለዚህ ግን አይደለም፤ በኃይል ማሸት የቀሩትን ቀጫጭን የሊምፍ ሥሮች ይጎዳል። ዋግምት ደግሞ ጭራሽ አይታሰብ። ባበጠ እጅ ላይ ምላጭ ያሳረፉባቸው ሴቶች በምን ሁኔታ እንደሚመጡ አይቻለሁ።

የልጆች አባት፦
እኔ የምጽፈው ስለ ባለቤቴ ነው። ልጃችን ከዱባይ ቀይ ብርሃን የሚያወጣ ቀበቶ መሰል ነገር ገዝታ ላከችላት፣ ለሁሉም በሽታ ይሆናል ተብሎ። ባለቤቴ ማታ ማታ ክንዷ ላይ ጠምጥማው ቡና ትጠጣለች። አልጎዳትም፣ እንደጠቀማትም እንጃ። ይቀጥል ወይስ ይቁም? ደግሞ ለእኛ ለጥቁሮች ብርሃኑ ቆዳችንን ዘልቆ ይገባል ወይ የሚል ነገር ጎረቤት አንሥቶብን አከራክሮናል።

መለኪያ፦
ጋሼ፣ የጎረቤትዎ ጥያቄ የሞኝ አይደለም። ቆዳን የሚያጠቁረው ሜላኒን የሚታየውን ብርሃን፣ ቀዩንም ጨምሮ፣ ከፊሉን ይውጠዋል። የሞገዱ ርዝመት በጨመረ ቁጥር የሚውጠው ይቀንሳል። ስለዚህ 904 ናኖሜትሩ ከቀዩ ቀበቶ በተሻለ ይዘልቃል። ቀበቶው ላይ የሞገዱ ርዝመት በናኖሜትር፣ ኃይሉም በሚሊዋት ተጽፏል? ካልተጻፈ መሣሪያ ሳይሆን ጌጥ ነው ብለው ይውሰዱት። ከተጻፈም በሊምፌዴማ ላይ የተሞከረው እርሱ አይደለም።

ፊዚዮቴራፒስቱ፦
እኔ ደግሞ የሚያሳስበኝ «መጠምጠሙ» ነው። ክንድ ላይ ብቻ የሚጠብቅ ነገር ፈሳሹን ወደ ክርንና ወደ መዳፍ ይገፋዋል። ጋሼ፣ ቀበቶው ከተነሣ በኋላ በቆዳቸው ላይ የጠበቀበት መስመር ይታያል? ከታየ ዛሬውኑ ያስወልቋቸው። በትክክል የተሠራ የግፊት እጅጌ ከእጅ አንጓ አካባቢ በርትቶ ወደ ብብት ሲሄድ እየላላ ነው የሚመጣው፣ ፈሳሹ ወደ ላይ እንዲሄድ። በዚህ ሕመም በብዛት የሚታዘዘው ከ23 እስከ 32 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ (የግፊት ልክ) የሚጫነው ነው። በዓይን ገምቶ መግዛት አይቻልም፣ ተለክቶ ነው።

መምህርት ዘአዳማ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ከትምህርት ቤት ስወጣ ክሊኒኩ ጎራ ብዬ ስለ መሣሪያው ጠየቅሁ። የቆመ ቀይ መብራት ነው፣ ይሞቃል። ስሙን ብጠይቅ «ዘመናዊ ነው» አሉኝ። ገንዘብ ስላልከፈልሁ ተመስገን ብዬ ወጣሁ። የካንሰሩን ጥያቄ ግን ማንም አልመለሰልኝም። ደግሞ በቀኝ እጄ የደም ግፊት አይለካ፣ ዕቃ አታንሺ፣ አውሮፕላን አትሳፈሪ ተብዬ ነበር። እንጀራ መጋገርም ፈራሁ። ሁሉንም ትቼ ልቀመጥ?

ፊዚዮቴራፒስቱ፦
በካንሰሩ እጀምራለሁ። የዚህ ሕክምና አነሣሥ ራሱ ከዚህ ጥያቄ ነው። በ1967 ቡዳፔስት ውስጥ እንድሬ ሜስተር የተባለ ሐኪም ሌዘር ካንሰር ያመጣ እንደሆነ ለማየት ፀጉራቸውን የላጫቸውን አይጦች አበራባቸው። ካንሰር አልያዛቸውም፤ ፀጉራቸው ግን ካልበራባቸው ፈጥኖ በቀለ። ዛሬ ይህንኑ ዓይነት ብርሃን በኬሞና በጨረር ምክንያት አፋቸው እንዳይቆስል ለካንሰር ታካሚዎች መስጠትን ዓለም አቀፍ የሙያ መመሪያዎች ይመክራሉ። በጡት ካንሰር የታከሙ ሴቶች ላይ በተሠሩት ሙከራዎችም ካንሰሩን መለሰው የሚል ማስረጃ አልወጣም። ይሁን እንጂ ጥንቃቄው ይህ ነው፦ በሥራ ላይ ያለ ዕጢ ባለበት ቦታ ላይ አይበራም። ስለዚህ ማንም ሌዘር ከማሳረፉ በፊት የካንሰር ሐኪምዎ «አሁን ዕጢ የለም» ማለት አለበት። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም ቆዳን በብርሃን የሚያስቆጣ መድኃኒት ከወሰዱም ይናገሩ። በሕክምናው ሰዓት የዓይን መከላከያ መነጽር ይደረጋል።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ፣ ለሚያነቡ ሁሉ፦ እጅ በድንገት ካበጠ፣ ካመመ፣ ወይም ብብትና አንገት ሥር አዲስ እብጠት ከተዳሰሰ፣ ሊምፌዴማ ነው ብሎ ወደ ፊዚዮቴራፒ መሮጥ አይገባም። የደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ወይም የካንሰሩ መመለስ አለመሆኑ አስቀድሞ መታየት አለበት።

ስለ ደም ግፊትና ስለ አውሮፕላን፣ በ2016 የታተመ ከ600 በላይ ሴቶችን የተከታተለ ጥናት ደም መቅዳትም፣ ግፊት መለካትም፣ መብረርም ከእብጠቱ ጋር ግንኙነት አላገኘባቸውም። ያገኘው ግንኙነት ከቆዳ ኢንፌክሽን፣ ከከፍተኛ የሰውነት ክብደትና ንፍፊቶቹ ተጠርገው ከመውጣታቸው ጋር ነው። የግራ እጅዎ ጤነኛ ከሆነ በእርሱ ቢለካ ይሻላል፤ ግን በድንገተኛ ሕመም ጊዜ በቀኝ ተለካብኝ ብለው አይሸበሩ።

«ዕቃ አታንሺ» የሚለው ደግሞ ዘመን ያለፈበት ምክር ነው። በ2009 የታተመ ሙከራ እጃቸው ያበጠ 141 ሴቶችን ወሰደ፤ ግማሾቹ እጅጌ አድርገው፣ በአሠልጣኝ እየታገዙ፣ በጣም ቀላል ከሆነ ክብደት ጀምረው ቀስ በቀስ ጨመሩ። እብጠቱ የተባባሰባቸው ክብደት ካላነሡት ግማሽ ያህሉ ብቻ ናቸው። ተቀምጦ የሚጠበቅ እጅ ይደክማል፣ የደከመ እጅ ደግሞ አንድ ቀን ጀሪካን ሲያነሣ ይጎዳል።

የሃይፋ እህት፦
ስለ እንጀራው እኔ ልመልስልሽ። ጋግሪ። ግን የምጣዱ ሙቀትና እንፋሎት ክንድሽን እንዳያገኘው ከፍለሽ ጋግሪ፤ ሦስት አራት አውጥተሽ እረፊ፣ እጅሽን ከፍ አድርገሽ መዳፍሽን ጨብጪ ፍቺ፣ ከዚያ ቀጥዪ። ሊጡን ማዞሪያውን በግራ እጅሽም ልመጂ፤ መጀመሪያ ዓይኑ የተበላሸ እንጀራ ይወጣል፣ ማን ይቆጣሻል? ያበጠው እጅሽ በእሳት መቃጠሉ ግን ለእኛ እንደ ማንም ሰው ቃጠሎ አይደለም፣ በዚያ በኩል ነው ኢንፌክሽኑ የሚገባው።

እዚህ በጋው ሲበረታ እጅጌው ያስለቅሳል። ወልቆ እንዲያድር ነው የሚባለው፣ ቀን ግን አልለይም። ሁለት እያፈራረቅሁ ነው የማደርገው፣ አንዱ ሲታጠብ አንዱን። በስድስት ወር ገደማ ላስቲኩ ይዝላል፣ ያኔ ይቀየራል። ሌዘሩን እኔም ጠይቄ ነበር፤ የምታክመኝ ሴት «ፋሻሽ አሁንም እያወረደው ስለሆነ ይቆይ፣ ሥጋው ከጠነከረና መውረዱ ካቆመ እናመጣዋለን» አለችኝ። ይህ መልስ አጥግቦኛል።

ፊዚዮቴራፒስቱ፦
ያቺ ሴት ሥራዋን ታውቃለች። መምህርት፣ የእርስዎ እጅ ሲጫኑት ይጎደጉዳል ብለዋል፤ ያ ማለት ገና ብዙው ፈሳሽ ነው፣ ወደ ስብና ወደ ጠባሳ አልተለወጠም። በፋሻ የሚወርደው በዚህ ጊዜ ነው። የፋሻ ጥቅለላ፣ በስሱ የሚደረግ የሊምፍ ማሸት፣ እንቅስቃሴና የቆዳ እንክብካቤ በአንድ ላይ እጁን ያወርዳሉ፤ ሲወርድ ተለክቶ እጅጌ ይታዘዛል። እጅጌው ባበጠ እጅ ላይ ከተለካ በወሩ ይሰፋል፣ ገንዘብዎም ይባክናል። ወረቀትዎን ይዘው የካንሰር ሕክምና ክፍል ያለው ሆስፒታል ፊዚዮቴራፒ ይጠይቁ፤ «ለሊምፌዴማ በፋሻ መጠቅለል የሠለጠነ አለ?» ብለው በዚሁ ቃል። ሌዘር ካላቸውም የሞገዱን ርዝመት፣ የት የት ነጥብ ላይ እንደሚያሳርፉና ስንት ዙር እንደሆነ ይጠይቁ። የሚያውቅ ባለሙያ በጥያቄ አይቆጣም።

መለኪያ፦
እኔም የራሴን ልጨምር። ነገ ጠዋት የልብስ ሰፊ ሜትር አንሺ። ከእጅ አንጓ ጀምረሽ በየአሥር ሴንቲ ሜትሩ እስከ ብብት ድረስ የሁለቱንም እጆች ዙሪያ ለኪና ጻፊ። በየሳምንቱ በተመሳሳይ ሰዓት ድገሚው፤ የጠዋትና የማታ እጅ አንድ አይደለም። በሁለቱ እጆች መካከል ሁለት ሴንቲ ሜትር ልዩነት ብዙ ባለሙያዎች እንደ ወሰን የሚይዙት ነው። ማንም «ወርዷል» ብሎ ገንዘብ ሲጠይቅሽ መዝገቡን አውጪለት።

የልጆች አባት፦
ቀበቶውን አስወለቅኋት። መስመር ሠርቶ ነበር። ልጄ ታኩርፍ። ነገር ግን እጅጌውን ስታደርግ ጣቶቿ እያመሟት ግማሽ ሰዓት እንታገላለን፣ መፍትሔ አለው?

ሜሪላንድ ያለችው፦
አለው ጋሼ። ዕቃ የሚታጠብበትን የጎማ ጓንት በሁለቱም እጆቿ ታድርግ፤ ላስቲኩን በጥፍር ከመጎተት በመዳፍ እያሻሸች ትገፋዋለች፣ ጨርቁም አይቀደድም። ቅባት የምትቀባው ማታ ይሁን፤ ጠዋት ከተቀባች አይንሸራተትላትም። ከሁሉም በላይ ከአልጋ ሳትወርድ ታድርገው፣ እጇ ገና ሳያብጥ። ጣቶቿ ካበጡ ግን እጅጌው ብቻውን አይበቃትም፤ ጓንት ያለው እንዲታዘዝላት ለሐኪሟ ይንገሩ።

መምህርት ዘአዳማ፦
ሜትሩን ከጎረቤቴ ልብስ ሰፊ ተውሻለሁ። ከክርኔ አሥር ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ያለው ከግራው በአራት ይበልጣል። ሆስፒታሉም ቀጠሮ ሰጥቶኛል፤ ፋሻ የሚጠቀልል ሰው አለን ብለዋል፣ ሌዘር የላቸውም። ስትመጪ ሰው ይዘሽ ነይ፣ አጠቃለሉን እናስተምራታለን ስላሉኝ እህቴን ይዤ እሄዳለሁ። የጠመኔው ብናኝ ፋሻው ላይ ችግር ያመጣ ይሆን?

የደብረ ማርቆስ ነርስ፦
ብናኙ ቆዳሽን ያደርቀዋል እንጂ ሌላ አያደርግም። ከላይ ሰፋ ያለ የጥጥ እጅጌ ድረቢበት፣ ፋሻው በሚፈታበት ሰዓት ታጠቢና ተቀቢ። ጠመኔውን ደግሞ የክፍል አለቃዋ ትጻፍበት፤ አንቺ ቁጭ ብለሽ አጽፊ።